ለአንጮቴ የሚሆነው ቀዩ ነው

ማይንዝ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ጫንያለው
ነቀምቴ

ጋሼ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎ በብርዱ አላስቸገረዎትም? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት፣ በእርስዎም ምርቃት፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ለእትዬ ፀጋ እጅ እነሣለሁ።

ይህን ደብዳቤ ከሦስት ጠርሙስ ጋር የምታደርስልዎት ልጅ ኢማን ትባላለች። የነቀምቴ ልጅ ናት፤ እዚህ ነርስ ናት። እህቷን ልትድር እየመጣች ነው፤ እስከ ጥቅምት መግቢያ ትቆያለች። ጠርሙሶቹ ወይን ናቸው። አይደንግጡ። እሷ ሙስሊም ናት፣ አትጠጣም፤ "ለእናቴ ሽቶ እንደያዝኩ አድርጌ እወስድልሻለሁ" ብላ ነው የተቀበለችኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት። ሥራዬን ሲጠይቁኝ "ምግብ ቤት" ብዬዎት ነበር። እውነት ነው። ግን ሳህን አላነሣም። ሰው ምግብ ሲያዝ ከዚያ ምግብ ጋር የትኛው ወይን እንደሚስማማ የምመርጥለት እኔ ነኝ። ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ አልፌ ነው። እንጀራዬን የምጋግረው በአፍንጫዬ ነው ማለት ነው። ሲጻፍ ቀልድ ይመስላል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩትም ለዚህ ይሆናል።

አብረውኝ የሚሠሩ አምስት ጓደኞች አሉኝ። ተራ ገብተን በየቤታችን ራት እንገባበዛለን። ሕጉ አንድ ነው፤ ባለተራው ያደገበትን ምግብ በገዛ እጁ ያበስላል፣ ለያንዳንዱ ምግብም የሚስማማውን ወይን ያቀርባል። ኅዳር ላይ ተራው የኔ ነው። ከመካከላችን ጢሙን የሚያሳድገው፣ ከሁላችን በላይ የሚያውቀው (ያውቃል፣ አልክድም)፣ "የእናንተ ቅመም ወይን ይገድላል። ቢራ አቅርቢና እንገላገል" አለኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ጫማዬን ሳላወልቅ ብዙ ቆምኩ።

ስሜም አለ ጋሼ። "ማን ትባያለሽ?" ሲሉኝ "ኢትዮጵያ" እላለሁ። "ከየት መጣሽ አላልንሽም" ይሉኛል። አባቴ ይህን ስም ሲያወጣልኝ እኔ ቢራ ይዤ እንድቀርብ አልነበረም።

የምለምንዎት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አንጮቴ ሲደርስ ከጓደኞችዎ ጋር ሆነው እነዚህን ሦስት ጠርሙሶች ከቤት ምግብ ጋር ይሞክሩልኝ። እዚህ ድንች እንጂ አንጮቴ የሚባል ሥራ ሥር ስለሌለ እኔ መሞከር አልችልም። ለራቴ የሚሆን ጥቂት ደግሞ ኢማን ስትመለስ ይላኩልኝ።

ሁለተኛው ማር ነው። ከኪራሙ፣ ከአባቴ ቀፎ፣ አንድ ጠርሙስ። ከምግብ በኋላ የሚቀዳውን መጠጥ በሱ መሥራት እፈልጋለሁ። ለጓደኞቼ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። "መጨረሻ ላይ የአባቴ መንደር ይመጣል" ብያለሁ።

እጅዎን የምትስመው
ኢትዮጵያ


ነቀምቴ፣ ነሐሴ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለኢትዮጵያ

የአባትሽ አምላክ ካለሽበት ይጠብቅሽ። ባዕድ አገር የረገጠው እግርሽ አይደናቀፍ። እኛ አለን። ዝናቡ ዘንድሮ እልኸኛ ነው፤ ሲሬ ላይ መንገዱን ቆርሶ አውቶቡሶች አንድ ቀን ሙሉ ቆመው ነበር። ኢማን ከነጠርሙሶቹ እዚያ ነው ያደረችው። ፍተሻ ላይ "ይሄ ምንድነው?" ሲሏት "የሙሽራ ሽቶ" አለች አሉ። ፈታሹ ከፍ አድርጎ አይቶ፣ "ሙሽራዋ ግመል ናት እንዴ?" ብሎ አሳለፋት።

ጠርሙሶቹን በመጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከባለቤቴ ከሊሊሴ ፎቶግራፍ አጠገብ አቆምኳቸው። ነፍሷን ይማርና እሷ ብታይ ምን ትል ነበር እያልኩ። በማግስቱ ጋሩማ መጋዝ ሊዋስ መጣ። ጋሩማን ታውቂዋለሽ፤ ጎረቤታችን፣ ሒሳብ ያስተምር የነበረው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ። ጌታን ካገኘ ወዲህ የሚያሰክር ነገር በከንፈሩ አልዞረም። በር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ያ ጫኔ! በእርጅና ጀመርክ?"

"የኔ አይደለም። የልጄ የእጅ ሥራ ነው።"

"ትጠምቃለች?"

"ታውቃለች" አልኩት። "ትጠምቃለች ማለትና ታውቃለች ማለት አንድ አይደለም። ፈረንጅ ራት ሲበላ እሷን ጠይቆ ነው የሚጠጣው።"

እንዲህ ስል ድምፄ ትንሽ ከፍ ያለ ይመስለኛል። መጋዙን ረስቶ ሄደ።

ራቱን ከመስቀል በኋላ እንዲሆን ቀጥረነዋል። ከመስቀል በፊት ይሁን ብዬ ነበር፤ የሊሊሴ እህት ፀጋ አልተስማማችም። "ከመስቀል በፊት አንጮቴ የሚቆፍር ሌባ ብቻ ነው" አለችኝ። የምታበስለው እሷ ናት። የምንበላው ጋሩማ፣ እኔና ደረሳ ነን። ደረሳ የሲሬ መስመር ሹፌር ነው፤ ከሦስታችን የሚጠጣ ጉሮሮ ያለው እሱ ብቻ ነው። እኔ እቀምሳለሁ። ጋሩማ እንዴት እንደሚሆን እሱም እኔም አናውቅም። ግን "እቀርባለሁ" ብሏል።

ስለ ማሩ የጻፍሽውን አንብቤአለሁ።

ትበያለሽ ወይ? ክፍልሽ ይሞቃል ወይ? የሚያጫውትሽ ሰው አለ ወይ? እነዚህን ሦስቱን አንድም ጊዜ መልሰሽልኝ አታውቂም።

አጎትሽ
ጫንያለው


ማይንዝ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎት። አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልዎ። "ሰላም" የሚለውን ቃል ስጽፍ እጄ ትንሽ ዘገየ።

ይህን ለኢማን በስልክ ልኬላት፣ እሷ በወረቀት ገልብጣ ነው የምታመጣልዎት።

ሁለቱ ረጃጅም ጠርሙሶች ነጭ ወይን ናቸው። አረንጓዴው ደረቅ ነው፤ ስኳር የለውም። ቡናማው ትንሽ ይጣፍጣል። ትከሻው ሰፊ የሆነው ቀይ ነው። ነጮቹ ይቀዝቅዙ። ቀዩ አይቀዝቅዝ። በተራ ይቅረቡ፤ መጀመሪያ በቅቤ የራሰው ቂጣ፣ ጩምቦው፣ ከአረንጓዴው ጋር፣ ቀጥሎ አንጮቴው ከቡናማው ጋር፣ መጨረሻ ሥጋው ከቀዩ ጋር። አንዱ ምግብ ሳይነሣ ሌላው አይምጣ። እኔ እንደዚህ አስቤዋለሁ። ልክ መሆኔን ግን አላውቅም። ሌሊት እነቃና አንጮቴ ምን ምን እንደሚል ላስታውስ እሞክራለሁ። ምላሴ ላይ ሊደርስ ሲል ይጠፋል። እዚህ የበላሁት ሁሉ በላዩ ላይ ተደርቦበታል።

እበላለሁ። ክፍሌ ይሞቃል። ሦስተኛው ይቆይ።

ስለ ማሩ አልመለሱልኝም። ረስተውት ይሆናል እንዳልል፣ እርስዎ ነገር አይረሱም።

ኢትዮጵያ


ነቀምቴ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢትዮጵያ

የሰማይ ጠል አይለይሽ። የቀመስሽው ይጣፍጥሽ።

ራቱ እሑድ ተበላ። እንደ ተማሪ ከመጀመሪያው እጽፍልሻለሁ፤ ቆርጠሽ አትለፊ።

መብራት ከዓርብ ጀምሮ አልነበረም። ስለዚህ ማቀዝቀዣ የለም። ደረሳ ሁለቱን ነጮች በመኪና መጎተቻ ገመድ አንገታቸውን አሥሮ ወደ ግቢው የውሃ ጉድጓድ አወረዳቸው። ጋሩማ አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች እያየ፣

"ዮሴፍን አወረድከው" አለ።

"አይዞህ፣ ግብፅ ሳይደርስ አወጣዋለሁ" አለው ደረሳ።

ቡሽ መንቀያ ማንም የለውም። ደረሳ ከመኪናው ካቻቢቴ አምጥቶ ቡሹን ወደ ውስጥ ገፋው። ቡሹ ወይኑ ላይ ተንሳፈፈ። ይህንን አላስተማርሽንም።

አሁን ስለ ተራው። ጽሑፍሽን ለፀጋ አንብቤላት ነበር። አልተቃወመችም። ራት ሲደርስ ግን ትልቁን ትሪ ተሸክማ ገባች፤ ጩምቦው፣ አንጮቴው፣ ጥብሱ፣ የሚያቃጥለው የቃሪያ ቆጭቆጫ፣ አይቡ፣ ሁሉም አንድ ላይ።

"ፀጋ፣ በተራ ነው እኮ የተባለው።"

"የምን ተራ? ሆስፒታል ነው እንዴ?"

"ልጅቷ..."

"ልጅቷን እወዳታለሁ። እንግዳዬን ግን 'ይህን ጨርስና ያኛውን አሳይሃለሁ' አልለውም። ነውር ነው።"

ምን ላድርግ? በያንዳንዳችን ፊት ሦስት ሦስት የሻይ ብርጭቆ ደረደርኩና ሦስቱንም ወይን ቀዳሁ። ለጋሩማም ቀዳሁለት። ቀና ብሎ አየኝ። "ለማሽተት" አልኩት። "ማሽተት በየትኛውም ምዕራፍ አልተከለከለም" አለኝ። ከዚያ ጸሎት ጀመረ። በኦሮምኛ ለአገር፣ ለመንገደኛ፣ ለታመመ፣ ለዝናብ፣ ለመምህራን ጡረታ፣ ላንቺም ጸለየ። ስምሽን ሲጠራ ለአገሪቱ ይሁን ላንቺ አልለየሁትም። ጸሎቱ ሲያልቅ የቀዘቀዘው ወይን ሞቋል።

ደረሳ አረንጓዴውን ጠጣ። ፊቱ ተኮማተረ።

"ኧረ ይሄ የባትሪ አሲድ ነው! ልጅቷ በደህናዋ ናት?"

መልስ ሳልሰጠው ፀጋ ቅቤ የሚያንጠባጥብ ጩምቦ አጎረሰችው። አላመጠ። አሁንም ጠጣ። እጁን አነሣ።

"ቆይ... ቆይ... ቅቤውን ጠረገልኝ። አፌ እንደገና አዲስ ሆነ። አጉርሽኝ እስቲ ሌላ!"

ስለ አረንጓዴው ልክ ነበርሽ። ጻፊው።

ቀዩን ከጥብሱ ጋር የሞከርኩት እኔ ነኝ። ቆጭቆጫው ላይ ቀይ ሲደረብበት፣ ልጄ፣ እሳት ላይ ላምባ ነው። ዓይኔ አለቀሰ። ደረሳ "ለስላሳ ይቀላቀልበት" ብሎ ሚሪንዳውን ሲያነሣ ጋሩማ እጁን ያዘው። "ልጅቷ ይህን ያክል መንገድ የላከችውን በብርቱካን ልታጠምቀው? ከመጠጣትህ ይልቅ በዚህ ነው የምትኮነነው።" እንደ ድንገት ቡናማውን አነሣሁና ጎነጨሁ። እሳቱ ተኛ። ጣፋጩ ለአንጮቴው አይደለም፤ ለቆጭቆጫው ነው። እዚህ ላይ አልተሳካልሽም።

ከዚያ ጋሩማ ቀዩን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ሁላችንም ማላመጥ አቆምን። ዓይኑን ጨፈነ።

"ጫኔ። አፈር ሸተተኝ።"

"የምን አፈር?"

"አንጮቴ ሲቆፈር የሚወጣው። እርጥቡ። እናቴ ጓሮ ስትቆፍር ተንበርክኬ የማሸተው።" ብርጭቆውን አስቀመጠ። እንደገና አነሣው። "ይህ የአንጮቴው ነው። አልቀመስኩም፤ ጻፍልኝ፤ ሳልቀምስ ነው ያልኩት።"

አንጮቴ ጎርሼ ቀዩን ቀመስኩ። ሁለት ሰዎች በተለያየ በር ገብተው አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ አስቢ። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም። ለአንጮቴ የሚሆነው ቀዩ ነው።

ደረሳ ግን "ለሁሉም የሚሆነው ቡናማው ነው" ብሎ አሁንም እየተከራከረ ነው። ቡናማውን የጨረሰውም እሱ ነው።

ኮርቻለሁ። ይህን በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ቤቴ ውስጥ ከሊሊሴ ቀብር ወዲህ እንዲህ ተስቆ አያውቅም።

አንጮቴውን በአፈሩ እንዳለ በካርቶን አድርጌ ለኢማን ሰጥቻለሁ። ማርም አብሮ አለ።

አጎትሽ
ጫንያለው


ማይንዝ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ያደረሰልኝ አምላክ ይክበር። ካርቶኑን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ከፍቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ። አፈሩን አልጣልኩትም፤ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አለ። ትላንት አንዱን ቀቅዬ ከቀዩ ጋር ቀመስኩ። ጋሽ ጋሩማ ልክ ናቸው። ፈተናዬን ከፈተኑኝ ሰዎች አንዱ "ቀዩን ለሥጋ" ብሎኝ ነበር፣ እኔም አምኜው ነበር። አንድ ትሪ ያሉትንም ወስጃለሁ። አንድ ትሪ፣ ለያንዳንዱ ሰው ሦስት ብርጭቆ። እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም? የእኛ ምግብ አይሰለፍም።

ማሩን ቀመስኩ።

ሥራዬ ይህ ስለሆነ እንደ ሥራዬ ልጻፈው። ቀለሙ ጠቆር ያለ። ሽታው መጀመሪያ የእንጨት፣ ቀጥሎ የቅጠል። ጣፋጭነቱ በቶሎ ይመጣል፣ በቶሎ ይሄዳል፤ ከኋላው ቀጭን ምሬት ይቀራል። የግራዋ አበባ ነው። ጥሩ ማር ነው። በጣም ጥሩ ማር ነው።

የአባቴ ማር ቢጫ ነበር። ኑግ ሲያብብ ነበር የሚቆረጠው። ምሬት አልነበረውም።

ሦስት ቀን ጠርሙሱን ከፍቼ ዘጋሁ። ምላሴ ተበላሽቷል አልኩ። ግን አልተበላሸም። ከዚህ በፊት በምላሴ ስኮራ እንጂ ስፈራው አላውቅም።

ምንም አልጠይቅዎትም። አንድ ነገር ብቻ። ኅዳር 7 ቅዳሜ ስድስት ሰው ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል። ለአምስቱ "የአባቴ መንደር ይመጣል" ብያለሁ።

ምን ብዬ ላቅርበው?

ኢትዮጵያ


ነቀምቴ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢትዮጵያ

ሰላም ላንቺ ይሁን። የዘገየሁት ታምሜ አይደለም። ኔትወርክም አልነበረም፤ ግን በኔትወርክ አላሳብብም። ይህን በእጄ ጽፌ የጋሩማ ልጅ ኬኔ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች፤ ለቅዳሜሽ እንዲደርስ።

አልዋሸሁሽም። ከየት እንደሆነ አልጻፍኩልሽም። ልዩነቱ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ።

ኪራሙ ከሄድኩ አራት ዓመት አለፈኝ። አንቺ ከወጣሽ በኋላ አንድ ኅዳር ብቻ ነው ማር የቆረጥኩት። ከዚያ መንገዱ አልሄድ አለ። ከዚያ የመንደሩ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ ገሚሱ እዚህ ነቀምቴ መጡ፣ ገሚሱ ሌላ ቦታ ሄዱ። የአባትሽ ጎረቤት የነበረው ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ ቅርጫት እየሠራ ይኖራል። ሄጄ ጠየቅኩት። "ቀፎዎቹስ?" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሌላ አልጠየቅኩም። የአባትሽ መቃብር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ቆሟል አሉ። ቤቱ አልቆመም።

ባለፉት ደብዳቤዎቼ "እኛ አለን" እያልኩ ጽፌልሻለሁ። ውሸት አይደለም፣ አለን። ማን ማን እንደሆነ ነው ያልዘረዘርኩት።

ማሩ የጋሩማ ነው። ከግቢው። አጥሩ ዙሪያውን ግራዋ ነው። የራቱ ዕለት ከመጨረሻው ጉርሻ በኋላ ካፖርቱ ሥር ደብቆ ያመጣውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንድ ቀን በመንገድ ስለ ማሩ ነግሬው ነበር፤ እሱ ረስቶታል ብዬ ነበር።

"ለልጅቷ ላክላት" አለኝ።

"የኪራሙ ነው የጠየቀችው።"

"የኪራሙ አይደለም በላታ።"

"እንዴት ብዬ? ልጅ ናት።"

"ልጅ ከሆነች ወይን ለምን ትቀዳለች?" አለኝ።

ደረሳ ሳቀ። ፀጋ አልሳቀችም። እኔም ጠርሙሱን ተቀበልኩና ምንም ሳልጽፍ ላክሁት። በልቤ፣ "ስታየው የኪራሙ ይመስላታል፣ ራቷ ይሳካል" ብዬ ነበር። አፍንጫሽ እንጀራሽ መሆኑን ጽፈሽልኝ ሳለ። መምህር ሆኜ ስንት ዓመት ኖሬ፣ ተማሪ ያወቀውን ረሳሁ።

ጋሩማ አንድ ቃል አስይዞኛል። "ብርዝ ይሁን እንጂ ጠጅ አይሁን። የኔ ንብ ሰው አያሰክርም" ብሏል። ብርዙን በጠዋት በጥብጪው፤ ለማታ አይፈላም።

ምን ብለሽ እንደምታቀርቢው እኔ አልነግርሽም። ይህ ሙያ ያንቺ ነው፤ ምን ከምን እንደሚሄድ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ያዘንኩት ስለ ቀፎው ብቻ አይደለም፤ ስለ ደበቅኩሽም ነው። አሁን ግን በደብዳቤም ፊት ለፊት ተቀምጠን የምንተያይ ያህል ነው። ይህም ጥሩ ነው መሰለኝ። አላውቅም።

አምላክ ቅዳሜሽን ይባርክ።

ጫንያለው


ማይንዝ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሽ ጫንያለው

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። እንዲህ ብሎ መጀመር ልማድ ነው፤ ዛሬ ግን የምሬን ነው።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። መጋዘን ገብቼ፣ ጠርሙሶች መካከል ቆሜ አነበብኩት። ወጥቼ ለአንድ ጠረጴዛ ወይን ቀዳሁ። አንድ ጠብታ አላፈሰስኩም። እንዴት እንዳላፈሰስኩ እስካሁን እያሰብኩ ነው።

ቅዳሜ መጡ። እንጀራ የሚዘረጋበት ትልቅ ትሪ ተውሼ ነበር። አንድ ላይ አቀረብኩ። "ምኑን ነው መጀመሪያ?" አሉኝ። "እዚህ ሆስፒታል አይደለም" አልኳቸው። አልገባቸውም። እኔ ብቻዬን ሳቅኩ፤ እትዬ ፀጋ ከኋላዬ የቆሙ መሰለኝ።

ጢሙን የሚያሳድገው ቀዩን አነሣ። ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ቆጭቆጫ በደንብ አድርጎ ከሥጋው ጋር ጎረሰና ቀዩን ጨመረበት። ጆሮው ቀላ። ዕንባው ጢሙ ውስጥ ገባ።

"ቢራ ላምጣልህ?" አልኩት።

ጠረጴዛው ሁሉ ጮኸ። ቡናማውን ሰጠሁት። ጠጣ። ከዚያ በራሱ እጅ እንደገና ጎረሰ፣ እንደገና ቡናማውን ጠጣ፤ እንደ ጋሽ ደረሳ። ወደ አንጮቴው ሲሄድ ቀዩን በፊቱ አደረግሁለትና ያንን የአፈር ሳህን አመጣሁ። "መጀመሪያ ይህን አሽት" አልኩት። አፈሩን አሸተተ። ወይኑን አሸተተ። ሳህኑን ለሚቀጥለው ሰው አቀበለ፤ እሷም ለሚቀጥለው። ሳህኑ ጠረጴዛውን ዞሮ ወደኔ ተመለሰ። "ይህን ማን አስተማረሽ?" አለኝ። "ወይን ቀምሶ የማያውቅ የሒሳብ መምህር" አልኩት። የቀለድኩ መሰለው።

ጋሼ፣ እንዲያ ኮርቼ አላውቅም። ፈተናዬን ያለፍኩ ቀን እንኳ።

መጨረሻው መጣ። በያንዳንዱ ሰው ፊት ሁለት ትናንሽ ብርጭቆ አስቀመጥኩ። በአንዱ ብርዝ ቀዳሁ። ሌላውን ባዶ ተውኩት።

ከሴቶቹ አንዷ ብርዙን ቀምሳ፣ "ይህ ነው የአባትሽ መንደር?" አለችኝ።

"አይደለም" አልኩ። "ይህ ጋሩማ የሚባሉ ሰው ግቢ ነው። የአጎቴ ጓደኛ ናቸው። አጥራቸው መራራ አበባ አለው፤ መጨረሻ ላይ ይሰማችኋል። የአባቴ መንደር ባዶው ብርጭቆ ነው። ገና መንገድ ላይ ነው።"

ቢጠይቁኝ ምን እንደምል አላዘጋጀሁም ነበር። ጢሙን የሚያሳድገው ባዶውን ብርጭቆ አነሣ። ዘንበል አደረገው። እንደ ሥራችን አድርጎ፣ አፍንጫውን ወደ ውስጥ ከትቶ፣ በረጅሙ አሸተተ። አልቀለደም። ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ሁሉም አንሥተው አሸተቱ።

ሲሄዱ እሱ በር ላይ ቆሞ "የቢራውን ነገር ረስቼዋለሁ በይ" አለኝ። "እኔ አልረሳሁትም" አልኩት።

ለሦስተኛው ጥያቄዎ፤ የሚያጫውተኝ ሰው አለ። እርስዎ ነዎት። ሌላም ሲኖር እጽፋለሁ።

እጅዎን የምትስመው
ኢትዮጵያ


ነቀምቴ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢትዮጵያ

ጾሙ የበረከት ይሁንልሽ። ደብዳቤሽን ለሦስቱም አነበብኩላቸው። ጋሩማ "ወይን ቀምሶ የማያውቅ የሒሳብ መምህር" የሚለው ላይ ሲደርስ እጁን አነሣ፤ ድሮ ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲያስቆም እንደሚያነሣው።

"ድገመው።"

ደገምኩት።

"ፈረንጆቹ ሰምተዋል ማለት ነው?"

"ሰምተዋል።"

"በስሜ?"

"በስምህ ማርህን፣ በሙያህ አፍንጫህን።"

ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ደረሳ፣ "እኔስ? የካቻቢቴው አልተጻፈም?" ብሎ እስኪጮህበት ድረስ ፊቱን ወደኛ አልመለሰም። ቀጣዩን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲያቆመው "አካም ጅርታ" ብሎ ሰላም ካለ በኋላ ማሩን ሳያነሣ አያልፍም አሉ።

አረንጓዴውን ጠርሙስ ፀጋ ዘይት ሞልታበታለች። የቀዩ ባዶ መደርደሪያው ላይ አለ።

አሁን የምጽፍልሽ ነገር ትንሽ ነው። የአባትሽን ጎረቤት፣ ቅርጫት የሚሠራውን ሰው፣ እንደገና ሄጄ አገኘሁት። "የኪራሙን ቀፎ መሥራት ታውቃለህ?" አልኩት። አዘነብኝ። "የወንድምህን ቀፎዎች ማን የሠራለት መሰለህ?" አለኝ። ከቀርከሃ ጎንጉኖ፣ በእበት ለስኖ፣ እንደነዚያው አድርጎ አንድ ሠራ። የራሱ ግቢ ስለሌለው፣ የኔም ዛፍ ስለሌለው፣ ጋሩማ ግቢ የዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልነው። ሰውዬው ራሱ ወጥቶ ነው ያሠረው። ስንጨርስ ከሥር ቆመን ሦስታችንም ቀና ብለን አየነው።

እስካሁን ንብ አልገባበትም። ጋሩማ ጠዋት ጠዋት እየሄደ ያየዋል። ከአጥሩ ወዲህ እኔ፣ ከአጥሩ ወዲያ እሱ፤

"ዛሬስ?"

"ገና።"

እንዲህ ነው የምንጀምረው ቀኑን። ቢገባበትም ኑግ እዚህ ጥቂት ነው፤ ማሩ የግራዋ ይሆናል፤ የኪራሙ አይሆንም። ይህን አውቃለሁ። አንቺም ገና ስታሸቺው ታውቂዋለሽ። ግን ቀፎው የኪራሙ ነው።

እነዚያን ባዶ ብርጭቆዎች አጥበሽ አስቀምጪያቸው።

አጎትሽ
ጫንያለው